እታለምና ነጩ መጋረጃ

ተረት ተረት ስላችሁ ያችኑ የላም በረት እንዳትሉኝ። የዛሬዋ ተረት ላም የለባትም። “የሐይቅ በረት” በሉኝና ልጀምር። አላችሁ? አልሰማሁም፤ ከወዲያ ጥግ ያላችሁትም በሉ እንጂ። እ፣ እንዲያ ነው።

ድሮ ድሮ፣ ብረት እንደ ሰው በሚናገርበት፣ ነፋስም ሲጠሩት አቤት በሚልበት ዘመን፣ ጣና ላይ አንዲት ጎታች መርከብ ነበረች። ጎታች መርከብ ምን እንደሆነች የማታውቁ ትኖራላችሁ፤ ግድ የለም፣ እነግራችኋለሁ። ራሷ ጭነት አትጭንም፣ መንገደኛም አታሳፍርም። ከኋላዋ ወፍራም ገመድ ይታሰርና ሌላውን ትጎትታለች። አጭር ናት፣ ሆዷ ሰፊ ነው፣ አናቷ ላይ ረጅም ጭስ ማውጫ ቆሞላታል። ከባሕር ማዶ ተቆራርጣ መጥታ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ዳገቱን ወጥታ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ እዚያው ሐይቁ ዳር ነው የተገጣጠመችው። የወደቡ ሰዎች ስትጎትት ሲያዩዋት፣ ታናናሾቿን እጃቸውን ይዛ የምትሄድ ታላቅ እህት መሰለቻቸውና “እታለም” አሏት። ስሟ በዚያው ጸና።

በእታለም ሆድ ውስጥ ሁለት የማይዋደዱ ጎረቤታሞች ይኖሩ ነበር፤ እሳትና ውሃ። በመሀላቸው የቆመው ጋን የሚሉት ትልቅ ብረት ነው።

“ፈቀቅ በልልኝና ያንን ውሃ ልጨርሰው” ይላል እሳት።

“ፈቀቅ በልልኝና ያንን እሳት ላጥፋው” ይላል ውሃ።

“እኔ እያለሁ አትነካኩም” ይላል ጋን።

ውሃ በንዴት ይፈላል፤ ከንዴቱ እንፋሎት ይወጣል፤ እንፋሎቱ ይገፋል፤ እታለም ትሄዳለች። የተጣሉ ጎረቤታሞች አገር ሲጠቅሙ የሰማሁት በዚህ ተረት ብቻ ነው።

እነዚህን ሁለቱን የሚያስታርቅ፣ ኧረ ምን ነካኝ፣ እንዳይታረቁ የሚጠብቅ፣ አያ መንበሩ የሚባል እሳት አንዳጅ ነበር። ማለዳ ይመጣና እንጨት ከመጨመሩ በፊት ጋኑን በመዳፉ ዳሰስ ያደርገዋል።

“እታለም፣ እንዴት አደርሽ?”

“እግዜር ይመስገን። አንተስ አያ መንበሩ?”

“ወገቤን ትንሽ።”

“እኔም ወገቤን ትንሽ” ትላለች፤ ሳያማት። እሱን ለማጽናናት ነው። ከዚያ እሳቱ ይነድዳል፣ ጭሱ ይወጣል፣ እሷም ዘፈኗን ትጀምራለች።

*ጎትቼ ላድርስ፣ ጎትቼ ልመለስ፤*
*ጎትቼ ላድርስ፣ ጎትቼ ልመለስ።*

እህል የጫነች ጀልባ ትጎትታለች፤ ቡና የጫነች ትጎትታለች፤ ነፋስ የበረታ ቀን ደግሞ ደንገል ከሚሉት የሐይቅ ሣር የተሠሩትን ትናንሽ ታንኳዎች እንደ መቁጠሪያ ደርድራ ታሻግራቸዋለች። አንድ ቀን፣ ሐይቁ ሲናጥ፣ ይታክቱ የምትባል ሴት ደቅ ደሴት ላይ ምጥ ይዟት ተጨነቀች። ታንኳ ደፍሮ የሚወጣ ጠፋ። እታለም ናት ሄዳ፣ ሴትዮዋ የተኛችባትን ጀልባ በማዕበሉ መሀል ጎትታ ያመጣቻት። ይታክቱ እዚያው ጀልባዋ ላይ ወልዳ እናትም ልጅም በሰላም ወረዱ። ከዚያ ወዲያ እሷ ፊት የእታለምን ስም በክፉ ያነሳ ወዮለት።

አያ ጉማሬ ግን ነገረኛ ነው፣ መቼም ታውቁታላችሁ። አፍንጫውን ከውሃ ብቅ አድርጎ፣ “እንዲያው እታለም፣ አያናድድሽም? ድካሙ ያንቺ፣ እልልታው የጀልባዋ” አላት።

“አያ ጉማሬ፣ አንተ ከጧት እስከ ማታ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈህ ስትውል ማን እልል ይልልሃል?”

ጉማሬ አሰበ፣ አሰበ። “ማንም” አለ።

“በል እንግዲህ መንገድ ልቀቅልኝ።”

ዘመን ሄደ፣ ዘመን መጣ። የናፍጣ ጀልባ የምትባል ቀጭን ፈጣን ነገር መጣች። እንጨት አትበላም፣ ጭነቱን በራሷ ትሸከማለች፣ ገመድ አታውቅም። ነጋዴው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እታለም ዳር ቆመች፤ እሳት ወጣ፣ ውሃም ተደፋ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ሳይሰነባበቱ ተለያዩ።

ወዲያው ብረት ለቃሚ መጣ። መዶሻውን ይዞ ጎኗን ቆርቆር አደረገና፣ “ከሆዷ ምጣድ ይወጣል፤ ከጎኗ ማረሻ ይወጣል። ስጡኝና ልሰባብራት” አለ።

ይታክቱ በዚያን ጊዜ አሮጊት ናት፤ “እሜቴ ይታክቱ” እየተባለች በወደቡ የምትከበር፣ ስትነሳ ሰው የሚነሳላት። ከዘራዋን ተደግፋ መሀል ቆመች።

“እታለምን ለመዶሻ አንሰጥም” አለች።

“እሺ፣ አትስጡ። ተበልታ ያለቀች ቀን ግን ራሳችሁ ትጠሩኛላችሁ” አለና ብረት ለቃሚው እየሳቀ ሄደ።

አሁን እንዴት ያቆዩአት? ሸንጎ ተቀመጡ። በዚያ አገር፣ በየደሴቱ ገዳም እንደምታዩት፣ የከበረ ነገር ይሸፈናል። ሥዕሉ መጋረጃ አለው፣ መጽሐፉ ማኅደር አለው። ማንም እየተነሳ አይነካካውም። እንግዲያው እታለምም ትከበር አሉ። ከውሃ አውጥተው ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። ሴቶቹ ከየቤታቸው ነጭ ነጠላ አመጡ፤ ነጠላ ከነጠላ ተሰፍቶ አንድ ትልቅ መጋረጃ ሆነ። ከአናቷ እስከ ታችዋ ሸፈኗት። እሜቴ ይታክቱ፣ “ከእንግዲህ ጭስም አያጥቁራት፣ እጅም አይንካት፤ ለፍታለች፣ ትረፍ” አለች።

አያ መንበሩ እጁን አወጣ። “እሜቴ፣ እኔ እንኳ ገባ እያልሁ እሳት ባነድላት?”

“ኧረ በስመአብ በል አያ መንበሩ። ዕድሜ ልኳን የጠጣችው ጭስ አይበቃትም?”

ሰው ሁሉ “አይበቃትም ወይ?” አለ። አያ መንበሩ አፈረና ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲያ በየጧቱ እየመጣ ከመጋረጃው ውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። እጁን ይዘረጋል፣ መልሶ ይሰበስባል። መንካት ክልክል ነዋ።

እታለም መጀመሪያ ደስ አላት። ምን ትዋሻለች፤ ደክሟት ነበር። ከመጋረጃው ሥር ያለው ብርሃን ወተት የመሰለ ነው፤ ድምፅ ሁሉ ከሩቅ ይመጣል። ተኛች፤ ሕልምም መጣላት። በሕልሟ የጧቱን ጉም ገመድ አስራ ትጎትታለች፤ ጉሙ እሺ ብሎ ይከተላታል። በሕልሟ የጨረቃን ጥላ ከውሃው ላይ አንስታ ትጎትታለች፤ ጥላው ሳይሰበር ይከተላታል። ሦስተኛው ሕልሟ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ደቅ ደሴትን ታስርና፣ ከነቤተ ክርስቲያኑ፣ ከነዶሮው ጩኸት፣ ከነተሰጣው እህል፣ ሐይቁን ቀስ ብላ ታዞረዋለች። ሰው ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ዳርቻው ሲያልፍ ያያል። አንድ ማሰሮ እንኳ አይገነፍልም።

እንዲህ እያለመች ሳለ፣ አንድ ጧት ከጤዛው ጋር እንግዳ መጣች። ቀይ የለበሰች፣ ድምፀ ለስላሳ፣ እርምጃዋ የማይሰማ። እመት ዝገት ናት።

“ቤቶች፣ እንግዳ ታሳድራላችሁ?”

እታለም መቼም የዚያ አገር ልጅ ሆናለች፤ እንግዳ አይመለስም። “ግቢ” አለች።

“ቦታ አላጣብብሽም እህት ዓለም። አንዲት ምስማር ትበቃኛለች። አንቺ ብቻ ተኚ፤ እኔ አቅፌ እጠብቅሻለሁ።”

“እሺ” አለች እታለም፤ ተኛችም።

ሰነበተችና ደግሞ መጣች። “እህት ዓለም፣ ምስማሯ ጠበበችኝ። የጭስ ማውጫሽን ሥር ስጪኝ። አንቺ ብቻ ተኚ።”

“እሺ” አለች እታለም፤ ተኛችም። ሕልሙ ይበልጥ ጣፈጠ።

ሰነበተችና ሦስተኛ መጣች። “እህት ዓለም፣ ልጆች ወልጄ በዛሁ። ጋኑን ስጪኝ።”

ጋን ሲባል እታለም በእንቅልፏ ውስጥ ትንሽ ደንገጥ አለች። “እስቲ ልተኛበትና እነግርሻለሁ” አለች።

“ተኚበት፣ ተኚበት፤ ምን ቸኮልሽ” አለች እመት ዝገት። ቸኩላ የምታውቅ ፍጡር አይደለችም፤ የእታለምን መተኛት ነው የፈለገችው።

ከእታለም አጠገብ ደግሞ አንዲት የደንገል ታንኳ ከሰዓት በኋላ እየወጣች ፀሐይ ላይ ትደርቅ ነበር። ታንኳ ካልደረቀች ትበሰብሳለች፤ ልማዷ ነው። ይህች ታንኳ አፏ አያርፍም።

“እታለም፣ ተኝተሻል?”

“እም።”

“ምን እየሠራሽ ነው?”

“ደቅን እየጎተትሁ ነው።”

“ደቅማ ይኸው ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሏል። ንቅንቅ አላለም።”

እታለም ተናደደች። “አንቺ ምን ታውቂያለሽ? አንድ ክረምት እንኳ በወጉ የማትኖሪ የሣር እስር።”

ታንኳዋ አልተቀየመችም። “እውነትሽን ነው፣ እኔ ቶሎ አልቃለሁ። ግን እናቴም ይችው ነበረች፣ አያቴም ይችው ነበረች። ጧት ውሃ ላይ፣ ከሰዓት ፀሐይ ላይ፤ የበሰበሰው ደንገል ይመዘዛል፣ አዲሱ ይታሰራል። የሠሪዎቼ እጅ ጥሎኝ አያውቅም። አንቺን ግን ማን ነካሽ? ከመጋረጃሽ ሥር ቀይ ዱቄት ሲወርድ አያለሁ እኮ። እየተበላሽ ነው፣ እህቴ። ጋንሽ ከተበሳ እሳት ዳግመኛ አይገባብሽም፤ ያ መዶሻ የያዘ ሰውዬም ይመለሳል።”

እታለም ዓይኗን ገለጠች። ጎኗን ብታዳምጥ፣ እመት ዝገት ገና ሳይፈቀድላት ጋኑን መላስ ጀምራለች። ያን ጊዜ ፍርሃት ገባት። ሞትን ፈራች፣ አዎን፤ ብረትም ይፈራል።

“ሰዎቹን ጥሪልኝ” አለቻት ታንኳዋን፤ የራሷ ድምፅ በመጋረጃው ታፍኖ ከሰው ጆሮ አይደርስምና።

ታንኳዋ መጋረጃውን እንዲገልጥ መጀመሪያ ነፋስን ጠራች። “አቤት” ብሎ መጣና መጋረጃውን ይዞ ታገለ፤ ግማሹን ገለጠው። ሰዎቹ ሮጠው መጡ። “ወይኔ፣ እታለም ተገለጠችብን” አሉና መጋረጃውን በጠፍር ጥፍር አድርገው አሰሩት።

ቀጥሎ ዓሣ አሞራ ተጠራ። ወረደና በመንቁሩ ጠፍሩን መፍታት ያዘ። ሰዎቹ አይተው ደነገጡ። “አሞራ እንኳ ይድፈራት?” አሉና በላይዋ ሌላ ነጠላ ደረቡ።

በመጨረሻ አያ ጉማሬ ተጠራ። ነገረኛ ቢሆንም ልቡ ክፉ አይደለም። እየተጎተተ ወጣና መጋረጃውን በአፉ ጎተተው። ሰዎቹ በጩኸት መለሱት። “አውሬ ሊበላት መጣ” አሉና ዙሪያዋን እሾህ አጠሩ። አያ ጉማሬ አፍንጫውን እየላሰ፣ “ለእነዚህ ሰዎች ደግ መሥራት እንዴት ነው የሚቻለው?” እያለ ወደ ውሃው ተመለሰ። እስቲ ፍረዱ፤ ሰዎቹም እኮ የሚወዷት ናቸው።

እታለም ከነጠላ በታች፣ ከጠፍር በታች፣ ከእሾህ ወዲያ ቀረች። እመት ዝገት ጋኑ ላይ ተንጋልላ፣ “አየሽ? ከእኔ ሌላ የሚደርስብሽ የለም” አለቻት።

እታለም ከጎኗ የሚንጠባጠበውን ጤዛ አየች። ዝገቷን አልፎ ሲወርድ ቀይ ይሆናል። መጋረጃው ግን ንጹሕ ወዳድ ስለሆነ፣ አንድ ጠብታ እንዳይነካው ከብረቷ ፈንጠር ብሎ ነው የሚንጠለጠለው።

“መጋረጃ ሆይ፣ ጠጋ በለኝ” አለችው።

“ነጭ ነኝ እኮ። ታቆሽሺኛለሽ።”

“ጠጋ በለኝ።”

“የምከበረው በንጣቴ ነው። ከቆሸሽሁ ያወርዱኛል።”

“እንዲያወርዱህ ነው የምለምንህ። ጠጋ በለኝ።”

እመት ዝገት ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ሻከረ። “ከነቃሽ ሕልሙ ይቀርብሻል። ደሴት የምትጎትቺው ከእኔ ጋር ስትተኚ ነው። ያለ እኔ ምን ነሽ? አሮጊት ብረት ነሽ። የሚጎተት ነገር እንኳ አይሰጡሽም።”

እታለምን ይህ ቃል አመማት። እውነት ስላለበት ነው ያመማት። ጉሙን አሰበች፣ የጨረቃዋን ጥላ አሰበች፣ ደቅን ከነዶሮው ጩኸት አሰበች።

“አሮጊት ብረት ልሁን” አለች።

መጋረጃው ሰማት። እሱም አሰበ። “እኔ መጋረጃ ከመሆኔ በፊት ነጠላ ነበርሁ። ነጠላ የለመደው እንባ ማበስ ነው” አለና ተጠጋት። ከጎኗ ተለጠፈ። ቀዩ ጤዛ ነጩን ጨርቅ ያዘው፣ ወረደ፣ ሰፋ።

ሲነጋ እሜቴ ይታክቱ ልትሳለማት መጣች። ከዘራዋ ከእጇ ወደቀ።

“ደምታለች” አለች። “ኑልኝ፣ እታለም ደምታለች።”

እሾሁ ተነሳ፣ ጠፍሩ ተፈታ፣ መጋረጃው ወረደ። ቀይ ዱቄት እግራቸው ሥር ፈሰሰ። እሜቴ ይታክቱ የጭስ ማውጫውን ሥር ነካ ብታደርገው ጣቷ ገብቶ ቀረ። እዚያው መሬት ተቀምጣ አለቀሰች። “ስወድዳት ገደልኋት። ለጠላቷ አሳልፌ የሰጠኋት እኔ ነኝ” አለች።

ሰዎቹ በእመት ዝገት ላይ ጮኹ። እሷ ግን ቀሚሷን ሰብስባ፣ “እኔ ምን አጠፋሁ? አትንኩ አላችሁ፤ የማይነካ ነገር ሁሉ የእኔ ነው” አለቻቸው።

አያ መንበሩ ወደ ውስጥ ገባ። ጋኑን በመዳፉ ዳሰሰው፣ በጣቱ አንኳኳው፣ ጆሮውን ጣል አደረገበት።

“ሳስቷል” አለ። “አልተበሳም። እኔም ዝም ያልሁት ልክ አልነበረም፤ ኑ እንሥራ።”

ቀጥቃጮች መጡ፤ የተበላው ተቆርጦ ወጣ፣ አዲስ ብረት ተገጠመ። ሴቶቹ መጋረጃውን ቀደው መወልወያ አደረጉት፤ በአመድና በዘይት ጎኗን ፈተጉ። መጋረጃው ጥቁርና ቀይ ሆኖ፣ “እንዲህ ስዳከር መዋል ይሻለኛል” ይል ነበር። እመት ዝገት ከምስማር ወደ ምስማር እየሸሸች፣ መሸሻ ስታጣ ወረደች።

ታንኳዎቹ ተሰብስበው በገመድ ሳቧት፤ አያ ጉማሬ ከኋላ በግንባሩ ገፋ። ሌላውን ጎትታ እንጂ ራሷ ተጎትታ አታውቅምና እታለም አፈረች። “እፍረቱን ተይውና ሆድሽን ሰብስቢ፣ ትከብጃለሽ” አላት ጉማሬ። ሐይቁ ላይ ገባች። ውሃና እሳት ተመለሱ።

“አንተ አልሞትህም?” አለ እሳት።

“አንተን ሳላጠፋ?” አለ ውሃ።

ጋን መሀላቸው ቆሞ፣ ሳስቶም ቢሆን፣ ቀጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ የወደቡ ሰዎች እንደ ማኅበር ተራ ገቡላት። በየሳምንቱ ተረኛው ቤት ይመጣል፤ ያጥባታል፣ ዘይት ይቀባታል፣ እሳት ያነድላታል። አያ መንበሩ ቁጭ ብሎ እያየ፣ እንጨት ያበዛውን ይቆጣል። ትልቁን ጀልባ መጎተት አትችልም፤ ነፋስ በሚበረታ ቀን ግን ታንኳዎቹን ታሻግራለች። ሕልሙ? ሕልሙ አልተመለሰም። ደቅም እዚያው ቦታው ላይ አለ። አንዳንድ ጧት በጉሙ ውስጥ ስታልፍ ዞር ብላ ታየዋለች፤ ሕልሙም ይናፍቃታል፤ አልዋሻችሁም። ከዚያ ተረኛው እንጨት ይጨምራል፣ እሷም ትሄዳለች።

እመት ዝገት ግን አልሞተችም። ቀይ ቀሚሷን አራግፋ በሐይቁ ዳር መንገድ ጀመረች። በየደጁ ትቆማለች፤ ድምፅዋም እንደ ድሮው ለስላሳ ነው። “ቤቶች፣ በጣም የምትወዱት፣ ስለምትወዱት የማትነኩት ነገር አላችሁ?” ብላ ትጠይቃለች። አለን ያሏት ቤት ትገባለች።

ዛሬ ወደ ቤት ስትገቡ እስቲ ሣጥናችሁን ክፈቱ። የሚወዱትን የሚያቆየው እጅ ነው፤ መጋረጃ አያቆይም። ተረቴን መልሱልኝ፤ ለአፌ ማበሻ ዳቦ ከጠፋ ቀረሶ የሚሉት የጣና ዓሣ ጥብስም ይሆናል።